ማን ቀበራት? በሦስት የፈረንሳይ ፊልሞች ላይ የመመረቂያ ጽሑፌን እንዴት እንደሠራሁ

ለማስተርስ መመረቂያ ጽሑፌ የመረጥኩት ርዕስ ሲነገር የብዙ ሰው ፊት ይጠቁራል፤ ጥቃትን፣ ሁሉ ነገር ከንቱ ነው የሚል ጨለምተኝነትንና ከሰው የተነጠሉ ሴቶችን ሕይወት ፊት ለፊት የሚያሳዩ፣ በወጡበት ጊዜም ከባድ ውዝግብ ያስነሡ የፈረንሳይ ፊልሞች ናቸው። ሃያሲው ጄምስ ኳንት በ2004 በአርትፎረም መጽሔት ላይ «አዲሱ የፈረንሳይ ጽንፈኝነት» የሚል ስም ካወጣላቸው ወዲህ (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) ብዙ ተጽፎባቸዋል፤ ካነበብኩት አብዛኛው ግን ምን ያህል ደም እንደፈሰሰና ምን ያህል ገላ እንደታየ የሚቆጥር ስለነበረ፣ እዚያ ላይ የምጨምረው አልነበረኝም። እኔ ማወቅ የፈለግኩት ጥቃቱ ሲፈጸም ካሜራው የት እንደቆመ ነው። ስለዚህ ሦስት ፊልሞችን ብቻ ያዝኩ፦ የአኜስ ቫርዳን «ሳን ቱዋ ኒ ሏ» (1985)፣ የቪርዢኒ ዴፓንትንና የኮራሊ ትሪን ቲን «ቤዝ ሙዋ» (2000)፣ የጋስፓር ኖኤን «ኢሬቬርሲብል» (2002)። ቫርዳ ኳንት ያወጣውን ስም በብዙ ዓመት ትቀድመዋለች፤ ሆን ብዬ ያስገባኋትም ለዚሁ ነው።

ከእሷ መጀመሬ በጅቶኛል። ፊልሙ የሚከፈተው በክረምት፣ በደቡብ ፈረንሳይ የወይን እርሻ ዳር ባለ ቦይ ውስጥ በብርድ ሞታ በተገኘች ወጣት አስከሬን ነው፤ ከዚያ በኋላ መንገድ ላይ ያገኟት ሰዎች ተራ በተራ ይመሰክሩባታል። ሳንድሪን ቦኔር የተጫወተቻት ይህች ሞና ድንኳኗን ተሸክማ ከመንደር መንደር ትዞራለች፤ አታመሰግንም፣ አትታጠብም፣ ማንንም ለማስደሰት አትሞክርም። ቫርዳ ስትከተላት ካሜራው በተደጋጋሚ ከቀኝ ወደ ግራ ይንሸራተታል፤ ይህም እንደኛም ሆነ እንደ ፈረንሳዮች አነባበብ ወደ ኋላ መሄድ ነው። ሞናን ሳይጠብቅ ይነሣል፣ መሐል ላይ ትገባበታለች፣ ከዚያም እሷን ትቶ አልፎ ሄዶ አንድ ተራ ዕቃ ላይ ያርፋል። ጫካ ውስጥ ጥቃት ሲደርስባትም ካሜራው ድርጊቱን አይከተልም። ጭካኔ ሳይታይ ምን ያህል እንደሚከብድ ካየሁ በኋላ፣ ሌሎቹ ፊልሞች በማሳየታቸው ምን እንዳተረፉ ለመጠየቅ መነሻ አገኘሁ።

የአሠራሬ ዋና መሣሪያ ገጹ ለሁለት የተከፈለ ደብተር ነበር። በግራው በኩል የሚሆነውን በግሥ ብቻ እጽፋለሁ፦ ገባች፣ መታት፣ ወደቀች። በቀኙ የካሜራውን ከፍታ፣ ርቀትና እንቅስቃሴ፣ እንዲሁም በምስሉ ውስጥ ሌላ ማን እንዳለ እመዘግባለሁ። ቅጽል ለራሴ ከለከልኩ፤ «አሰቃቂ» የሚለው ቃል አንዴ ከተጻፈ ማየት ይቆማልና። ሁለተኛውን ዙር ደግሞ ድምፁን አጥፍቼ አያለሁ። ይህ በተለይ ለ«ኢሬቬርሲብል» ጠቅሞኛል፤ የፊልሙ መጀመሪያ ጆሮ በጭንቅ የሚለየው ወፍራም ድምፅ ስለተቀላቀለበት፣ ተመልካቹ ያቅለሸለሸው በምስሉ ይሁን በድምፁ አያውቅም። እስከዚያ ድረስ ሲሽከረከር የነበረው ካሜራ በምድር ውስጥ መተላለፊያው በሚፈጸመው የመድፈር ትዕይንት ላይ መሬት ተቀምጦ ለዘጠኝ ደቂቃ ያህል ይፈዛል። ድምፁ ጠፍቶ ሲታይ ዓይን ከመሐሉ ይላቀቅና ጫፉን ያያል፦ በመተላለፊያው ወዲያኛው ጫፍ የአንድ ሰው ጥላ ብቅ ይላል፣ ቆም ብሎ ያያል፣ ተመልሶ ይሄዳል። ፊልሙ ጊዜ ሁሉን ያጠፋል እያለ ከሚፈላሰፈው ይልቅ፣ ስለ እኛ ስለ ተመልካቾቹ እውነቱን የሚናገረው ያ ጥላ ይመስለኛል። (በነገራችን ላይ እነዚህን ፊልሞች በሌሊት፣ ብቻዬን አላየሁም፤ ለሚያጠናቸው ሁሉ የምመክረው ይህንኑ ነው።)

«ቤዝ ሙዋ»ን ከማየቴ በፊት የሕግ ታሪኩን አነበብኩ። ፊልሙ ጁን 28 ቀን 2000 ከ16 ዓመት በታች ላሉ ብቻ ተከልክሎ ወጣ፤ ከሁለት ቀን በኋላ፣ ፕሮሙቯር የተባለ ማኅበር ባቀረበው አቤቱታ፣ የአገሪቱ ከፍተኛ የአስተዳደር ፍርድ ቤት ፈቃዱን ሰረዘው። በወቅቱ በነበረው ደንብ፣ ከሙሉ እገዳ በቀር፣ ከ16 ዓመት ክልከላ በላይ ያለው እርከን የ«ኤክስ» መዝገብ፣ ማለትም የወሲብ ፊልሞች መዝገብ ብቻ ነበር፤ መዝገቡ ደግሞ ከ1975ቱ ሕግ ጀምሮ ከባድ ቀረጥ ስለነበረበት፣ እዚያ መግባት ከመደበኛ ሲኒማ ቤቶች መውጣት ማለት ነበር። ካትሪን ብሬያን የመሰሉ የፊልም ሰዎች ተቃወሙ፤ በ2001 ከ18 ዓመት በታች ላሉ የሚከለክለው እርከን ተመልሶ ተደነገገና ፊልሙ እንደገና ታየ። የሥነ ምግባር ጦርነት ተብሎ ከተጻፈው ውስጥ ከፊሉ በደንቡ ላይ የነበረ ክፍተት መሆኑን ያወቅኩት ሕጉን በማንበብ እንጂ ሃያስያኑን በማንበብ አይደለም።

ረቂቁ ግማሽ ሲደርስ፣ ፓሪስ ያሉ ጥቂት የአገሬን ልጆች ቤት ጠርቼ የቫርዳን ፊልም አሳየኋቸው፤ ሁለቱን ሌሎች ግን ለቡና በጠራሁት ሰው ፊት አልከፍትም። ከመካከላቸው በዕድሜ የሚበልጡን፣ በሞግዚትነት ሲሠሩ የኖሩ እናት ነበሩ። እኛ ስለ ነፃነትና ስለ ብቸኝነት ስንከራከር አዳምጠው ሲያበቁ፣ «እሺ ልጄ፣ ያቺን ልጅ ማን ቀበራት?» አሉኝ። ፊልሙ መልሱን ገና ሲጀምር ይሰጣል፤ የቫርዳ የራሷ ድምፅ፣ ሬሳውን የጠየቀ ባለመኖሩ ከቦዩ ወደ ጅምላ መቃብር እንደሄደ ይናገራል። ይህንን ስነግራቸው፣ «እንግዲያው ያ ሁሉ ሰው የሚያወራው ለቅሶ ሊደርስ ነዋ፤ የሚደርስበት ቤት አጥቶ ነው እንጂ» አሉ። ስለ ምስክሮቹ ካነበብኩት ሁሉ ይህን የሚያክል አላገኘሁም። ወይን የሚገርዘው ቱኒዚያዊው አሱን ካሜራው ፊት ሲቆም አንዲት ቃል ሳይናገር የሞናን ሻርፕ ወደ ፊቱ የሚያስጠጋው ለምን እንደሆነም በዚያው ተገለጠልኝ።

ከዚያ ወዲያ ምዕራፎቹን በዚህች ጥያቄ ዙሪያ እንደገና ደረደርኳቸው። በ«ኢሬቬርሲብል» ሞኒካ ቤሉቺ የተጫወተቻት አሌክስ በቃሬዛ ከተወሰደች በኋላ ታሪኩ የወንዶቹ ይሆናል፤ በቀላቸውም የሚያርፈው ድርጊቱን ባልፈጸመ ሰው ላይ ነው። ፊልሙ ከመጨረሻው ወደ መጀመሪያው ስለሚሄድ የሚዘጋው ሣር ላይ ሆና ስታነብ ነው፤ ውብ ምስል ነው፣ ነገር ግን አጠገቧ ተቀምጦ የሚያለቅስላት ሰው አልተሰጣትም። በርካሽ ዲጂታል ቪዲዮ የተቀረጸው «ቤዝ ሙዋ» ግን አስገረመኝ። የፊልሙ ሁለት ሴቶች፣ ናዲንና ማኑ፣ እየገደሉ ይጓዛሉ፤ ማኑ ስትገደል ናዲን ሬሳዋን ሐይቅ ዳር ወስዳ ታቃጥለዋለች፣ ከዚያም ሽጉጡን ወደ ራሷ ታዞራለች። ዴፓንት በ17 ዓመቷ መኪና እያስቆመች ስትጓዝ እንደተደፈረች በ2006 ባሳተመችው «ኪንግ ኮንግ ቴኦሪ» ላይ ጽፋለች፤ ማኑ ጥቃቱ ሲደርስባት የምታሳየው ድንዛዜ ለሃያሲ ምቾት የተቀመመ እንዳልሆነ ያ መጽሐፍ ያስረዳል። በጨለምተኝነቱ የተወገዘው ፊልም ከሦስቱ ለሟች ቀባሪ የሰጠ ብቸኛው ነው ብዬ ጻፍኩ።

ጽሑፉን ባቀረብኩበት ዕለት ከፈታኞቹ አንዷ ይህንኑ ዓረፍተ ነገር አነበቡና፣ ሁለቱ ሴቶች ገንዘብ ማውጫ ማሽን አጠገብ ለብሯ ሲሉ የገደሏትን መንገደኛ ሴት ጠቀሱ፤ «እሷንስ ማን ቀበራት?» አሉ። ማንም አልቀበራትም፤ ካሜራው ከገዳዮቿ ጋር ሄዷል። ክርክሬን ለማዳን የምለው አልነበረኝም። በታረመው ቅጂ ላይ ዓረፍተ ነገሩ «ለራሱ ሰዎች ብቻ ቀባሪ የሰጠ» ተብሎ ጠብቧል፤ የመንገደኛዋም ትዕይንት በምዕራፉ ውስጥ ሁለት ገጽ ይዟል።