ስኳሩን ለካችሁለት?

ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ገደማ ነበር። አራት ሰዎች አንድ ጎልማሳ እየታገሉ ድንገተኛ ክፍላችን ይዘው ገቡ። ሸሚዙ ተቀዷል፣ ላቡ ይንቆረቆራል። ይሳደባል፣ ይራገጣል። አፉ ጠላ ይሸታል። በር ላይ ሆኜ በሽተኛ የምለየው እኔ ነበርኩ። ካርዱ ላይ «ሰክሯል» ብዬ ጻፍኩ። ጥበቃዎች ተጠሩ። እጅና እግሩን በፋሻ ከአልጋው ጋር አሰርነው።

40 ደቂቃ ያህል ቆይቶ ጸጥ አለ። «ተመስገን፣ ተኛልን» አልኩ። ተረኛው ሐኪም መጥቶ ግንባሩን ዳሰሰና ወደ እኔ ዞረ። «ሲስተር፣ ስኳሩን ለካችሁለት?»

አልለካንም። ጣቱን ወጋሁት። ማሽኑ 29 አለ። ከ70 ሲወርድ ዝቅተኛ የምንለው ልኬት ነው። ሰውየው ለካ ስኳር የሚያወርደውን ኢንሱሊን ይወስዳል። ሠርግ ቤት ውሎ፣ እህል ሳይቀምስ ጠጥቷል። መጠጥ ደግሞ ጉበት ስኳር እንዳያወጣ ያግደዋል። እኔ ተኛ ያልኩት ራሱን እየሳተ ነበር። 40 በመቶ ግሉኮስ በደም ስሩ ሰጠነው። ብዙም ሳይቆይ ዓይኑን ገልጦ «የት ነው ያለሁት?» አለ። ሚስቱ ፋሻው ያቀላውን የእጁን አንጓ ይዛ ታሻሸው ነበር። ምንም አላለችኝም። ብትቆጣኝ ይቀለኝ ነበር።

ከዚያ ሌሊት ወዲህ የሚጮህ ሰው ሲመጣ መጀመሪያ «ምን አሞት ነው?» እላለሁ። ስኳር፣ ኦክስጅን፣ ሙቀት፣ ጭንቅላቱ ላይ ቁስል። ትኩሳት ካለውና ከቆላ ከመጣ ወባ አለ። አንገቱ ከገተረ ማጅራት ገትር አለ። አረቄ ካቆመ ሁለት ሦስት ቀን የሆነው ሰው እጁ እየተንቀጠቀጠ የሌለ ነገር ሊያይ ይችላል። አንድ ሽማግሌ ሌሊቱን ሙሉ ሲራገሙ አድረው፣ ነገሩ የታገደ ሽንት ሆኖ ተገኝቷል። በካቴተር፣ በሽንት ማውጫ ቱቦ፣ ሲወጣላቸው መረቁን። «የአእምሮ ነው፣ አማኑኤል ላኩት» ማለት ይቀናናል። በስልሳ ዓመቱ፣ ከዚህ በፊት ምንም ሳይነካው፣ በአንድ ቀን ለተለወጠ ሰው ግን ይህን ለማለት አልቸኩልም።

ማነጋገርም ይማሩታል። አንድ ጊዜ ሠላሳ የሚሆነው ልጅ የግሉኮስ መስቀያውን ብረት ይዞ ጥግ ላይ ቆመ። ሦስት ቀን ጫት ላይ ነው፣ እንቅልፍ የለውም። አጎቱ «ሰይጣን ነው!» እያሉ ይጮኻሉ። እናቱ ታለቅሳለች። ጥበቃው ዱላውን ይዞ ይጠጋል። ሁሉም በአንድ ላይ ያወራል።

ጥበቃውን «ልጁ ከማያይህ ቦታ ቁምልኝ» አልኩት። አጎቱን «ጋሼ፣ ብርድ ልብስ ያምጡልኝ» ብዬ ላክኋቸው። ሥራ ያስፈልጋቸው ነበር። ከዚያ ሁለት ክንድ ያህል ርቄ፣ እጄን እያሳየሁ፣ ወደ በሩ የሚሄድበትን መንገድ ሳልዘጋ ቆምኩ።

«ወንድሜ፣ ሲስተር ነኝ። ስምህ ማን ነው?»

«ሊገድሉኝ ነው!»

«ፈርተሃል። እዚህ ያለነው ልናክምህ ነው። ውሃ ላምጣልህ ወይስ ሻይ?»

ቶሎ አልመለሰም። እኔም አልጨመርኩም። ይሄ ዝምታ ነው ከሁሉም የሚከብደው፤ ምላስ ይበላሃል። ኋላ «ሻይ» አለ። ሻዩን አቀዝቅዤ በላስቲክ ኩባያ አመጣሁለት። ብረቱን ግድግዳው ላይ አስደግፎ ተቀበለኝ። «መድኃኒቱን ትውጠዋለህ ወይስ መርፌ ይሻልሃል?» ስለው መዋጡን መረጠ። ሁሉም ነገር አሥር ደቂቃ አልፈጀም። ታግለን ብናስረው ከዚያ በላይ ይወስድ ነበር፣ ሰውም ይጎዳ ነበር።

ሁልጊዜ ግን አይሳካም። ሌላውን ሊጎዳ ሲል መያዝ ግድ ነው። ያኔ አምስት ሰው እፈልጋለሁ፣ ለእያንዳንዱ እጅና እግር አንድ፣ ለጭንቅላቱ አንድ። በጀርባው ይተኛል፣ ራስጌው ከፍ ይላል። በደረቱ መድፋት ወይም ላዩ ላይ መቀመጥ ትንፋሽ ያሳጥራል፣ ይገድላልም። እያሰርን የምናደርገውን እንነግረዋለን። ሐኪሙ ሃሎፔሪዶል የሚባለውን ማረጋጊያ ካዘዘ፣ አብዛኛውን ጊዜ 5 ሚሊግራም ነው፣ ጡንቻው ላይ እወጋለሁ። ኋላ አንገቱ ቢጣመም መድኃኒቱ የሚያመጣው ነገር ነው፤ ቤተሰብ እንዳይደነግጥ አስቀድሜ እናገራለሁ። ዳያዜፓም፣ ሌላው ማረጋጊያ፣ አልኮል ለጠጣ ሰው ከተሰጠ ትንፋሹን የሚቆጥር ሰው ከአጠገቡ አይጠፋም። በየ15 ደቂቃው ከፋሻው በታች ጣቶቹ ሞቀው እንደሆነ እዳስሳለሁ። ሲረጋጋ ወዲያው ይፈታል።

የስኳር መለኪያው ማሽን አሁን ከመዝገቡ ጎን ይቀመጣል። ደሙ የሚነካበት ስትሪፕ ያለቀ ቀን፣ ካጠራጠረን ሐኪሙ ስኳሩ ሳይለካ ግሉኮስ እንዲሰጥ ያዝዛል። ካርዱ ላይም «ሰክሯል» አልጽፍም። ያየሁትን ነው የምጽፈው፦ ይጮኻል፣ ያልበዋል፣ ጠላ ይሸታል፣ ስኳር ይህን ያህል።