«እብስ አለ»ን ከዘመዶቹ የለየሁበት መንገድ

እብስ አለ፣ ሹልክ አለ፣ ውልቅ አለ፣ ብድግ ብሎ ሄደ፣ ኮበለለ። ሁሉም ድንገት መሄድ ነው። አማርኛ የሚማር ወዳጄ «ታዲያ ልዩነቱ ምንድን ነው?» ሲለኝ አንዱን በሌላው መተርጎም የትም እንደማያደርስ ገባኝ። «እብስ ማለት ሹልክ ማለት ነው» ብለው ምን ሊጠቅመው!

ስለዚህ ከግሱ በፊት ቃል እየሰካሁ ጆሮ የሚቀበለውን መለየት ያዝኩ። መጀመሪያ የሰካሁት «ተሰናብቶ»ን ነው። «ተሰናብቶ እብስ አለ» ለቀልድ ካልሆነ አያስኬድም። ቀጥሎ «ሁሉም እያየው»። «ሁሉም እያየው ብድግ ብሎ ሄደ» ጥሩ አማርኛ ነው። በ«ሹልክ አለ» ሲተካ ግን ይጋጫል። «ቀስ ብሎ ሹልክ አለ» ደግሞ ያምራል። ለካ ሹልክ ማለት መደበቅን እንጂ ፍጥነትን የግድ አይልም።

እብስ አለ ከሁሉም ይለያል። ሰውየው እንዴት እንደወጣ አይነግረንም። ዞር ብለን ስንመለስ የለም፣ በቃ። ወሬውን የሚያወራው የቀረው ሰው ነው። «ብሩን ይዞ እብስ አለ» ውስጥ ብሽቀቱ የሚሰማው ለዚህ ይመስለኛል። «እብስ አልኩ» ሲሆን ግን ጉራ ቢጤ አለበት።

ውልቅ ማለት ከተያያዙበት ነገር መላቀቅ ነው፤ ከሥራ፣ ከትዳር። ግሱ ወለቀ መሆኑን ካሰቡ አይገርምም። ኮበለለ ጥለውት የሚሄዱት ቤት፣ ቤተሰብ ወይም አገር ይፈልጋል። ከስብሰባ የሚኮበልል የለም፣ ቢያምረንም።

እርባታው ቀላል ነው። እብስ አይነካም፣ የሚለዋወጠው «አለ» ነው፦ እብስ አለች፣ እብስ ይላሉ፣ እብስ በል። የሹልክ ድምፅ ሲላላ «ሾለክ አለ» ይሆናል፤ ድርጊቱም አብሮ ይለዝባል። በእብስ ይህን አትሞክሩት። «አበስ አደረገ» ካላችሁ ጠረጴዛ መወልወል ውስጥ ገባችሁ።

ወዳጄን ያስቸገረው አክብሮቱ ነው። «አባባ እብስ አሉ» በሰዋስው እንከን የለበትም። ግን ትልቅ ሰው ላይ ያፌዛል። ለእሳቸው «ሳይነግሩን ሄዱ» ይሻላል። «ላሽ አሉ»ማ ጭራሽ አይታሰብም፤ እሱ የእኩያ ቋንቋ ነው።