ጁላይ 20 ላይ የማይገቡ የጁላይ 20 ታሪኮች

«ዛሬ በታሪክ» ለሚያዘጋጅ ሰው ጁላይ 20 ሲሳይ ነው፤ ወጥመዱም የዚያኑ ያህል።

እ.ኤ.አ. በ1969 የአፖሎ 11 ማረፊያ መንኮራኩር «ኢግል» ጨረቃን የነካችው በዓለም አቀፉ ሰዓት 20:17 ላይ ነው (ሰዓቶቹ ሁሉ በ24 ሰዓት አቆጣጠር ናቸው)። እዚህ ላይ ጭቅጭቅ የለም። ኒል አርምስትሮንግ መሰላሉን ወርዶ አፈሩን የረገጠው ግን 02:56 ላይ፣ ቀኑ ወደ 21 ከዞረ በኋላ ነው። ሂውስተን ገና 21:56 ስለነበር አሜሪካኖቹ ሁለቱንም በ20 መዘገቡ፤ ለንደን ደግሞ የ21 ንጋት 03:56 ነበር። ማናቸውም አልተሳሳቱም። የሚያሳስተው ማረፉን በአንዱ ሰዓት፣ እርምጃውን በሌላው ጽፎ ዝም ማለት ነው።

እ.ኤ.አ. በ1944 በሂትለር ላይ የተሞከረው ግድያም ሌሊቱን ይሻገራል። ኮሎኔል ክላውስ ፎን ሽታውፈንበርግ እያንዳንዳቸው ወደ 1 ኪሎ የሚመዝኑ ሁለት ፈንጂዎች ይዞ ነበር። ቀኝ እጁንና ሁለት የግራ እጁን ጣቶች ጦርነት ወስዶበታል፤ በቀሩት ሦስት ጣቶች ጉጠት ይዞ ማቀጣጠያውን ሲያሰናዳ «ቶሎ በል» ተባለና አንዱን ብቻ አደረሰ። ሌላውን ቦርሳው ውስጥ ቢተወው አብሮ ይፈነዳ ነበር፤ እሱ ግን አውጥቶ ለረዳቱ ሰጠው። ስብሰባው መስኮቶቹ በተከፈቱ የእንጨት ቤት ውስጥ ስለነበር ግፊቱ ወደ ውጭ አመለጠ፤ ወፍራሙ የጠረጴዛ እግርም ሂትለርን ከለለው። ይህ የሆነው 12:42 ገደማ ነው። ሽታውፈንበርግ በርሊን ላይ የተረሸነው ግን ከእኩለ ሌሊት በኋላ ስለሆነ የሞቱ ቀን 21 ነው።

ቫይኪንግ 1 ማርስ ላይ ያረፈችውም እ.ኤ.አ. በ1976 በዚሁ ቀን ነው። ዕቅዱ ጁላይ 4፣ የአሜሪካ ነጻነት 200ኛ ዓመት ነበር፤ ከምሕዋር የተነሡት ፎቶዎች ቦታው ወጣ ገባ መሆኑን ስላሳዩ ተራዘመ። ምልክቷ ምድር ለመድረስ 19 ደቂቃ ያህል ይፈጅ ነበርና ደቂቃ የሚጽፍ ሰው ያረፈችበት ይሁን ዜናው የደረሰበት ይለይ።

ለቆዩ ዘመናት ደግሞ ከሰዓቱ በፊት አቆጣጠሩን ማጣራት ይቀድማል። ሩሲያ እስከ እ.ኤ.አ. 1918 መጀመሪያ የዩልዮስን አቆጣጠር ስለተከተለች የጥቅምት አብዮት በአሮጌው ኦክቶበር 25፣ በአዲሱ ኖቬምበር 7 ነው። ሁለቱንም ጻፉ፤ የትኛው የየትኛው እንደሆነ ግን አጠገቡ ይኑር።