የአባ ኮዳ ካልሲ

እጄ አሁንም ዓሣ ዓሣ ይሸታል። ሁለቴ በሎሚ አሸሁት፣ አንዴ በልብስ ሳሙና። ምንም። ልጆቹ ተኝተዋል፤ ትንሿ ጫማዋን እንኳ ሳታወልቅ ድፍት ነው ያለችው። እኔን ግን እንቅልፍ እምቢ ብሎኛል። ደስ ብሎኝ ነው ወይስ ከፍቶኝ፣ ራሴም አልለየሁትም። እንዲህ ሲያደርገኝ ምን እንደማደርግ ታውቃላችሁ፣ እጽፋለሁ።

ነገሩ ቀላል ነበር። የአድዋ በዓል ነው። ሥራ የለም፣ ትምህርት የለም። የልጆቹ እናት ተረኛ ናት፤ የሷ ሥራ በዓል አያውቅም። ልጆቹ ደግሞ ከጥር ጀምሮ "ሐዋሳ መቼ ነው?" እያሉ አላስቀመጡኝም። ከሻሸመኔ ሐዋሳ ቢበዛ 25 ኪሎ ሜትር ነው፤ ለነሱ ግን ውጭ አገር እንደመሄድ ነው። ትልቁ ሌሊት ሦስት ጊዜ ቀስቅሶኛል። "ነጋ እንዴ?"

እንደ ቁም ነገረኛ አባት በመንገድ ላይ ስለ አድዋ ላስተምራቸው ተዘጋጅቼ ነበር። ከማታው አስቤበታለሁ። የካቲት 23 ቀን 1888፣ እሑድ፣ የጊዮርጊስ ዕለት፣ ጦሩ ከየት ከየት እንደተሰበሰበ፣ ሁሉንም በቅደም ተከተል። ሚኒባስ ውስጥ ገብተን ሳንደላደል ረዳቱ "ለሁለቱ ልጆች የአንድ ሰው ይክፈሉ" አለኝ። ትንሿ ሰማችው። "እኔ ግማሽ ሰው ነኝ?" ብላ አፈጠጠችበት። መኪናው ሙሉ ሳቀ። ከዚያ በኋላ ማን አድዋን ይሰማኛል። ከሁሉ ነገር የያዙት የፈረሶቹን ስም ብቻ ነው። የምኒልክ አባ ዳኘው፣ የአሉላ አባ ነጋ፣ የባልቻ አባ ነፍሶ። እሱን እንደ ዘፈን እየደጋገሙ ነው ጥቁር ውሃ የደረስነው።

ድልድዩ ላይ ትልቁ ዝም አለ። እሱ ዝም ሲል እፈራለሁ። 
"ይሄ ወንዝ የት ነው የሚሄደው?"
"ሐይቁ ውስጥ ይገባል።"
"ከሐይቁስ?"
"ከሐይቁ ወንዝ አይወጣም።"
"ታዲያ ለምን አይሞላም?"
"ፀሐይ ትጠጣዋለች" አልኩት። ውሸት አይደለም፣ ግን ሙሉውም አይደለም። መውጫ የሌለውና ፀሐይ ብቻ የምትጠጣው ሐይቅ ውሎ አድሮ ጨዋማ ይሆናል፤ ጎረቤቶቻችን ሻላና አቢጃታ እንደዚያ ናቸው። የሐዋሳ ግን ጨዋማ አይደለም። የሚያጠኑት ሰዎች ውሃው መሬት ለመሬት ሾልኮ ይሄዳል ይላሉ። ይህን ሁሉ እያወቅሁ ለምን "ፀሐይ" ብዬ እንደገላገልኩት እንጃ። ምናልባት የሚቀጥለውን ጥያቄ ፈርቼ ነው። "የት ነው የሚሾልከው?" ቢለኝስ?

አሞራ ገደል፣ ሐይቁ ዳር ያለው ዓሣ ገበያ፣ ስንደርስ ረፋድ ላይ ነበር። ልጆች ቢላ ይዘው የቆሮሶውን ቅርፊት እየፋቁ፣ አንጀቱን እያወጡ ይወረውራሉ። አባ ኮዳዎቹ፣ እነዚያ ትልልቅ ወፎች፣ ከፊታቸው ተደርድረዋል። አይታችኋቸው ከሆነ ታውቃላችሁ፣ ጥቁር ካፖርት ደርበው፣ እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው፣ ራሰ በራቸውን ዘንበል አድርገው፣ ወረፋ የሚጠብቁ ጡረተኞች ነው የሚመስሉት። አንዱ ትንሿን በቁመት ይበልጣታል። እግሬ ሥር ተደብቃ በአንድ ዓይኗ ታየዋለች። እሱም በአንድ ዓይኑ ያያታል። ከአንገቱ በታች ያ ቀላ ያለ ከረጢት ተንጠልጥሎ ወዲያ ወዲህ ይላል።

"ስሙ ማነው?"
"አባ ኮዳ።"
ትንሽ አሰበች። "የማን ፈረስ ነው?"

ምን ልበላት? ጠዋቱን ሙሉ አባ እገሌ አባ እገሌ ሳስጠናት የዋልኩት እኔ ነኝ። መሳቅ ነበረብኝ። ግን አፌ ቀደመኝ። "ፈረስ አይደለም፣ ግን አድዋ ዘምቷል" አልኩ። "ያ አንገቱ ላይ ያለው ኮዳው ነው፣ ውሃ ይይዝበታል።" ትልቁ እንኳ አመነ፤ እሱ እኮ ለሁሉም ነገር ማስረጃ የሚጠይቅ ልጅ ነው። "እግሩስ ለምን ነጭ ሆነ?" አለኝ።
"ካልሲ ነው።"

አንዴ ከተጀመረ አይቆምም። ዓሣው ጥብስ ሆኖ ሲመጣ ትልቁ ጮክ ብሎ "ፆም አይደለም እንዴ?" አለ። አጠገባችን የጎረሱ ሰዎች ሁሉ ቀና ብለው አዩኝ። ሰባት ዓመት ያልሞላው አይጾምም እንዳልለው እሱ ስምንት ሞልቶታል። "መንገደኛ አይጾምም" አልኩት። የ25 ኪሎ ሜትር መንገደኛ! እኔ አልበላሁም፣ እሾህ እየለቀምኩ ላጎርሳቸው ብቻ ነው። እሺ፣ ጭራውን ቀምሻለሁ። እሷ ይሄን እንዳታነብ።

ጀልባውን አጭር አደርገዋለሁ። ጉማሬ አላየንም። ባለጀልባው "በዓል ወጥቷል" አለን። ይህቺኛዋ ውሸት ቢያንስ የኔ አይደለችም።

ስንመለስ ሚኒባስ ውስጥ ሕሊናዬ ይቆረቁረኝ ጀመር። ደግሞ እውነቱ ከውሸቴ በላይ ያስቃል። የአባ ኮዳ እግር ጥቁር ነው። ነጭ የሚሆነው ሲሞቀው ራሱ እግሩ ላይ ስለሚጸዳዳ ነው፤ እርጥበቱ ሲተን ያቀዘቅዘዋል። ከረጢቱም ውስጥ ያለው አየር ነው እንጂ ውሃ አይደለም። የትኛው ልጅ ነው ይህን ጠልቶ ካልሲ የሚመርጠው ብዬ፣ ድምፄን ዝቅ አድርጌ ነገርኳቸው።

"አትዋሽ!" አለችኝ ትንሿ። መኪናው እንደገና ሳቀ። ትልቁ ደግሞ አዝኖብኝ ወደ መስኮቱ ዞረ። ጀግና ሰደብኩበት መሰለኝ።

እስካሁን ያልተኛሁት ግን በዚህ አይደለም። ያቺ የኮዳ ታሪክ ከአፌ ስትወጣ ድምፁ የኔ አልነበረም። የአባቴ ነበር። ትዝ ይለኛል፤ በትልቁ ዕድሜ ሆኜ እዚያው አሞራ ገደል፣ አባቴ ግራጫ ኮቱን ለብሶ እጄን ይዞ "ኮዳው ነው፣ ውሃ ይይዝበታል" ሲለኝ። ትልቅ ሰው ሆኜ እስካነብ ድረስ አምኜው ኖሬያለሁ። ጓደኞቼ ፊት ተከራክሬበታለሁ ሁሉ።

እና ማታ ደወልኩለት። እንኳን አደረሰህ ከተባባልን በኋላ፣ ያኔ ሐዋሳ ወስደኸኝ እንዲህ ብለኸኝ ነበር፣ ዛሬ እኔም ለልጆቼ አልኩት አልኩ። እንዲስቅ ጠብቄ ነበር። ዝም አለ። 
"እኔ ሐዋሳ ወስጄህ አላውቅም" አለኝ። "እናትህ ናት የወሰደችህ። ቆይ ላቅርብልህ።"

እናቴ ወዲያው አስታወሰች። ባንተ እጅ ሙሉ ቀን ተሰቃይቻለሁ አለችኝ። "አባ ኮዳ ኮዳው ውስጥ ውሃ አለው ያልከውማ አንተ ነህ! ማን ነገረህ ብልህ 'አውቃለሁ' ብለህ ድርቅ። ሰፈር ስትመለስ ለሰዉ ሁሉ አወራኸው እኮ።"

ግራጫው ኮትስ? አባቴ ግራጫ ኮት አለው፣ እሱ እርግጥ ነው። ግን ከዚያ ሐይቅ ዳር ማን አቆመው? ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ በአባቴ ስም የማውቃቸውን ነገሮች አንድ በአንድ ማውጣት ጀመርኩ። ሐብሐብ በልቶ ውሃ መጠጣት ሆድ ያስጮኻል ያለኝ ማነው? ከእሑድ ይልቅ ሰኞ የጀመረ ዝናብ ይቆያል ያለኝስ? ሎሚ የዓሣ ሽታ ያጠፋል ያለኝ እሱ ነው ብዬ እምል ነበር፤ አሁን አልምልም። ደግሞም ከእኔ እጅ አላጠፋውም።

ልጆቹም አንድ ቀን የካልሲውን ነገር በእኔ ስም ያወሩት ይሆናል። ወይ ደግሞ በእናታቸው። እሷ ተረኛ ነበርኩ ብትል ማን ያምናታል?

ቅድም ብርድ ልብስ ላለብሳቸው ስገባ የትልቁ ደብተር ወለል ላይ ተከፍቶ አገኘሁት። ነገ ስለ አድዋ ሥዕል አምጡ ተብለዋል ለካ። ምኒልክ በአባ ዳኘው ላይ ተቀምጠዋል፣ ፈረሱ ትንሽ ውሻ ይመስላል፣ ግን ጥሩ ነው። ከኋላቸው በሰልፍ አምስት አባ ኮዳዎች፣ ሁሉም ኮዳ አንጠልጥለው፣ ሁሉም ነጭ ካልሲ እስከ ጉልበት።

ላጲስ ፈለግሁ። ቦርሳው ውስጥ ነበር። መልሼ ከተትኩት።