ባትሪ ቀይሬላትም አልነሳ ያለችው መኪና

ቁልፉን ሳዞር "ጠቅ" አለችና ዝም። ደገምኩ፤ አሁንም ጠቅ። የዳሽቦርዱ መብራት ፍዝዝ ብሎ ይመለሳል፣ ሞተሩን አዙሮ የሚያስነሳው ሞተሪኖ ግን ንቅንቅ አይልም። መኪናዬ አሮጌ ናት፤ እንዲህ ስታደርገኝ መጀመሪያ የማማው ባትሪውን ነው። ሳልለካ አዲስ ገዝቼ ገጠምኩ። ለሁለት ቀን እሺ ብላ ተነሳች። በሦስተኛው ጠዋት፣ ጠቅ።

ቀጥሎ ሞተሪኖውን ጠረጠርኩ። ስሯ ገብቼ ልፈታው ስታገል ቡሎኑ ዝጎ እምቢ አለኝ። እንኳንም እምቢ አለ። ያኔ ነው ቴስተር፣ ማለትም የኤሌክትሪክ መለኪያ፣ ያነሳሁት።

ባትሪው ላይ 12.6 ቮልት አነበበ። ሙሉ ነው፤ ግን ይህ ብቻውን አያሳምንም። የደከመ ባትሪም ሥራ ሳይኖርበት ደህና መስሎ ሊታይ ይችላል። ማርሹን ዜሮ አድርጌ፣ እጅ ፍሬን ይዤ፣ ጓደኛዬ ቁልፉን እንዲያዞር ነገርኩት። ቴስተሩ 12.1 ላይ ቆመ። ገረመኝ። ሞተሪኖ ብዙ ኤሌክትሪክ ሲስብ ባትሪው ወደ 10 ወይም 11 ቮልት መውረድ ነበረበት። ካልወረደ፣ ኤሌክትሪኩ መንገድ ላይ የሆነ ነገር ይዞታል ማለት ነው።

አሁን የቴስተሩን አንዱን ጫፍ የባትሪው ኔጌቲቭ ላይ፣ ሌላውን የሞተሩ ባዶ ብረት ላይ አደረግኩ። "አዙር!" 6 ቮልት። እዚህ ቦታ ግማሽ ቮልት እንኳ ብዙ ነው! ከባትሪው ጉልበት ግማሹ ማሳው ላይ፣ ማለትም ኔጌቲቩን ከሞተሩ ብረት ጋር የሚያገናኘው ገመድ ላይ፣ እየቀረ ነበር። የማሳውን ገመድ ስዳብሰው ጫፉ ጋ ትኩስ ነው። ፕላስቲኩን በቢላ ስገፈው አረንጓዴ ዱቄት ረገፈ፤ የመዳብ ክሮቹ እንደ ደረቅ ሣር ይሰባበራሉ። ከውጭ ሲታይ ግን ምንም አይልም ነበር።

ለነገሩ ገመዱን ቀደም ብዬ በኦም (ገመዱ ኤሌክትሪክን ምን ያህል እንደሚያግድ በሚለካው) ለክቼው ዜሮ ገደማ ብሎኝ አልፌዋለሁ። ቴስተር በኦም ሲለካ የሚልከው ኤሌክትሪክ ኢምንት ነው። ለዚያ ጥቂት ክር ይበቃል፤ ከመቶ አምፔር በላይ ለሚፈልግ ሞተሪኖ ግን አይበቃም። ከዚያ ወዲህ ወፍራም ገመድ በኦም አልለካም። እየሠራ እያለ በቮልት ነው።

ሁለቱ ቀንስ? ባትሪውን ስቀይር ገመዱን ወዘወዝኩት፤ የተበጠሱት ክሮች ለጊዜው ተነካኩ። እኔ ደግሞ ምስጋናውን ለአዲሱ ባትሪ ሰጠሁ።

ያንኑ ውፍረት ያለው ገመድ ገዛሁ። ኔጌቲቩን መጀመሪያ ፈታሁ፣ የሚያርፍበትን ብረት በብርጭቆ ወረቀት እስኪያበራ ፈተግኩ፣ ኔጌቲቩን መጨረሻ ላይ አሰርኩ። 6 ቮልት የነበረው 0.1 ሆነ። በመጀመሪያው ዙር ተነሳች።

አሮጌው ባትሪ ጓደኛዬ መኪና ላይ ነው። እስካሁን ይሠራል።