ያለ በጀት የ80 ደቂቃ ፊልም፦ ከጓደኞች ጋር የሠራንበት መንገድ

ያለ በጀት ፊልም መሥራት ሲነሳ ብዙ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው ስለ ካሜራ ነው። አዲስ አበባ ውስጥ ካሜራ ያን ያህል አይቸግርም፤ ሠርግ የሚቀርጽ ጓደኛ ወይም የጓደኛ ጓደኛ አይጠፋም። የሚቸግረው የሰው ቅዳሜና እሁድ፣ ንጹሕ ድምፅ እና የተቀረጸውን ሳያጠፋ የሚያቆይ ሀርድ ዲስክ ነው። እኛ የነበረችንን ብር ለድምፅ መሣሪያ፣ ለዲስክና ለምሳ አዋልናት፤ ሌላው ሁሉ በውሰት ነበር። ዛሬ ለሚጀምር ሰውም የምመክረው ይህንኑ ነው።

ስክሪፕቱ የተጻፈው ያለንን ከቆጠርን በኋላ ነው። አንድ ወረቀት ላይ ያለ ኪራይ የምንገባባቸውን ቦታዎች ዘረዘርን፦ የአንዱ ጓደኛችን እናት ግቢ፣ የሌላው ሱቅ፣ የአጎት ላዳ፣ እሁድ ባዶውን የሚውል ቢሮ። ሌላ ወረቀት ላይ ቃላቸውን የሚጠብቁ ሰዎችን ጻፍን። ታሪኩ ከሁለቱ ወረቀቶች ወጣ። 4 ወይም 5 ሎኬሽንና 3 ዋና ተዋናይ ለሙሉ ፊልም ይበቃል። የሌሊት የውጭ ትዕይንት፣ ዝናብ፣ ብዙ ሰው የሚሰበሰብበት ነገር ስክሪፕቱ ላይ ከተገኘ ቀረጻ ሳይጀመር መፍትሔ ይፈለግለታል። ለቅሶ የግድ ካስፈለገ መቶ ሰው መጥራት አይጠበቅም፤ ከአጥር ወዲያ ለቅሶውን በድምፅ እያሰሙ፣ በር ላይ ቆሞ መግባት ያቃተውን ሰው ፊት መቅረጽ ይቻላል። ብዙ ጊዜ እንዲያውም ይሄኛው ይበልጣል።

የፊልሙን ርዝመት በገጽ አትቁጠሩ። አንድ ገጽ አንድ ደቂቃ የሚለው ስሌት ለእንግሊዝኛ ስክሪፕት አጻጻፍ የወጣ ነው፤ በእኛ ፊደል የተጻፈ ምልልስ ቦታ ስለማይወስድ በገጽ የተቆጠረ ፊልም ሳይታሰብ ይረዝማል። ተዋናዮቹን ክብ አስቀምጦ፣ ስልክ ላይ ሰዓት ከፍቶ፣ ዝምታውንና እንቅስቃሴውን ጭምር እየገመቱ እያንዳንዱን ትዕይንት ጮክ ብሎ ማንበብ ነው የሚያዋጣው። ድምሩ ከ85 ደቂቃ ካለፈ መቀነስ ያለበት ያኔ ነው፤ ተቀርጾ የሚጣል ትዕይንት የሰው እሁድ በልቷል።

ቀረጻ ከመጀመሩ በፊት ሁሉም የፈረመበት አንድ ገጽ ውል ይኑር። የፊልሙ ባለመብት ማን ነው? ገቢ ከተገኘ መጀመሪያ የማን ወጪ ይመለሳል? የቀረው ከመቶ ስንት ስንት ይከፋፈላል? አንዱ መሐል ላይ ቢያቋርጥ ድርሻው ምን ይሆናል? ጓደኛን ማስፈረም ያሳፍራል የሚል ሰው አይጠፋም። ነገር ግን ብር ሳይመጣ ፊርማ ቀላል ነው፤ ብር ከመጣ በኋላ ግን ሽማግሌ ያስቀምጣል። የቤቱ፣ የሱቁና የመኪናው ባለቤቶችም ቀንና ሰዓት በተጻፈበት ወረቀት ይፈርሙ። መንገድ ላይ ለመቅረጽ ከወረዳው የተጻፈ ደብዳቤ ቅጂ ካሜራውን ከያዘው ሰው ኪስ አይለይ፤ ትራይፖድ በተተከለ በደቂቃዎች ውስጥ የሚጠይቅ ይመጣል።

ፕሮግራም ማውጣት ከሁሉም በላይ ጭንቅላት የሚፈልግ ሥራ ነው። እያንዳንዱን ትዕይንት በአንዲት ቁራጭ ወረቀት ላይ ጻፉ፦ ቁጥሩን፣ ቦታውን፣ ቀን ወይም ሌሊት መሆኑን፣ የሚገቡትን ተዋናዮች፣ ልብሳቸውን፣ የሚፈጀውን ደቂቃ። ቁርጥራጮቹን ወለል ላይ ዘርግታችሁ መጀመሪያ በቦታ፣ ቀጥሎ በተዋናይ ሰብስቧቸው። በየቀኑ ከ4 እስከ 5 ደቂቃ የሚሆን ትዕይንት መቅረጽ ለትንሽ ቡድን የሚቻል ነገር ነው። 80 ደቂቃ በዚህ ሲካፈል ከ16 እስከ 20 የቀረጻ ቀን ይሆናል፤ ቅዳሜና እሁድ ብቻ ለሚሠራ ከ8 እስከ 10 ሳምንት ማለት ነው። በዚህ ላይ ሦስት ሳምንት ትርፍ ያዙ፤ ሰው ይታመማል፣ ዘመድ ይሞታል፣ መሥሪያ ቤት እሁድ ይጠራል።

ሥራው ወራት ስለሚፈጅ ወቅቱ ራሱ ፊልሙ ውስጥ ይገባል። በመስከረም አረንጓዴ የነበረ ሜዳ በታኅሣሥ ቢጫ ይሆናል፤ አንድ ምልልስ ግማሹ አደይ አበባ ፊት፣ ግማሹ ደረቅ ሣር ፊት ከተቀረጸ የትኛውም ኤዲተር አያስታርቀውም። ስለዚህ የውጭ ትዕይንቶች በሙሉ በተከታታይ ሳምንታት ተቀርጸው ይጠናቀቁ፤ የቤት ውስጡ ይጠብቃል። ከጥቅምት አጋማሽ እስከ ጥር ያለው ጊዜ ከሁሉ የተሻለ ነው፤ ሰማዩ ጥርት ያለ፣ ቆርቆሮ የሚደበድብ ዝናብ የሌለበት። በጥምቀት ሰሞን ግን መንገዱም ድምፁም የእናንተ አይደለም። የዋናው ተዋናይ ፀጉርና ጢም እስከ መጨረሻው ቀን አይነካም፤ ይህም ውሉ ላይ ይጻፍ። በየትዕይንቱ መጨረሻ ተዋናዩን ከፊት፣ ከጎንና ከኋላ በስልክ ፎቶ አንሱት፤ ከሦስት ሳምንት በኋላ ነጠላው በየትኛው ትከሻ ላይ እንደነበር የሚያስታውስ ሰው የለም።

ስለ ምሳ አንድ ነገር ልበል። በነጻ ለሚሠራ ሰው ደመወዙ ሰዓቱን የጠበቀ ትኩስ ምግብ ነው። ሽሮ፣ ምስርና ጎመን ከአንዱ ቤት ተሠርቶ ቢመጣ ለ10 ሰው የሚወጣው ብር ሆቴል ለ3 ሰው ከሚወጣው አይበልጥም። የገና ጾም ኅዳር 15 ስለሚገባ ምርጥ የምንለው የቀረጻ ወቅት ግማሽ ያህሉ በጾም ያልፋል፤ ምግቡን በጾም ማድረጉ ሁሉንም ያስማማል። ቡናው በፔርሙዝ ይምጣ። እስከ በረካ የሚጠጣ ቡና የከሰዓቱን ብርሃን ይዞት ይሄዳል።

ካሜራው የትኛውም ይሁን ሁለት ቁጥር ይቆለፍ፦ በሰከንድ 25 ፍሬም (ነጠላ ምስል) እና ሻተር፣ ማለትም እያንዳንዱ ፍሬም ብርሃን የሚቀበልበት ጊዜ፣ 1/50 ሰከንድ። የአገራችን መብራት 50 ኸርዝ ስለሆነ በ30 ፍሬምና በ1/60 የተቀረጸ ምስል አምፖል ባለበት ክፍል ውስጥ ይርገበገባል፤ በኋላ ማስተካከልም ከባድ ነው። በስልክ የምትቀርጹ ከሆነ የፍሬሙን ቁጥር፣ ብርሃኑንና የቀለም ሚዛኑን በእጅ የሚያስቆልፍ አፕ ተጠቀሙ። ስልኩ ለራሱ ከተተወ የፍሬሙን ፍጥነት እያለዋወጠ ስለሚቀርጽ ለብቻ የተቀረጸው ድምፅ ቀስ በቀስ ከከንፈር ይለያያል። ርካሽ የኤልኢዲ አምፖል አንዳንዱ በ1/50ም ይርገበገባል፤ ከቀረጻው በፊት ሞክሮ መቀየር ነው።

ብርሃን ከፀሐይ ይወሰድ። እዚህ አገር ፀሐይዋ ቀትር ላይ ከአናት ስለምትሆን ዓይን ሥር ጥቁር ጥላ ትጥላለች፤ ከጠዋቱ 1 ሰዓት እስከ 4፣ ከሰዓት ደግሞ ከ9 ሰዓት ተኩል እስከ 12 ውጭ ቅረጹ፣ መሐሉን ቤት ውስጥ ዋሉ። 2 በ3 ሜትር የሆነ ነጭ አቡጀዴ ከመስኮት ውጭ ቢወጠር ኃይለኛውን ፀሐይ ያለሰልሰዋል፤ ያው አቡጀዴ ከተዋናዩ ፊት ለፊት ቢያዝ ጥላውን ይሞላል። ግድግዳው ላይ ዓይናችሁን ጣሉ፦ አረንጓዴ ወይም ሰማያዊ ቀለም የተቀባ ጠባብ ክፍል ቀለሙን ፊት ላይ ይረጫል፤ ከካሜራው እይታ ውጭ ያለውን ግድግዳ በነጭ ጨርቅ መሸፈን ይበቃል።

አሁን ወደ ድምፁ። ተመልካች የደበዘዘ ምስል ይታገሳል፤ ያልተሰማ ንግግር ግን ጥሎ ያስወጣዋል። አንድ ሰው ከድምፅ ሌላ ሥራ ሳይሰጠው፣ ጆሮ በሚገጥም ሄድፎን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ያዳምጥ። መቅረጫው 48 ኪሎ ኸርዝ፣ 24 ቢት ላይ ይሁን፤ ንግግሩ ከፍ ሲል በመቅረጫው መለኪያ ላይ ወደ ሲቀነስ 12 ዴሲቤል አካባቢ ይድረስ፤ ድምፁ የሚበላሸው ዜሮን ሲያልፍ ነው። ተዋናዩ ድንገት ሲጮህ የሚተርፈው በዚያ በተተወው ክፍተት ነው። ማይኩ ከተዋናዩ አፍ ከ40 እስከ 60 ሳንቲ ሜትር፣ ከላይ ወደ ደረት ዘንበል ብሎ ይያዝ። ቡም የሚባለውን ረጅም የማይክ መያዣ ዘንግ መግዛት አያስፈልግም፤ የቀለም ሮለር ማስረዘሚያ ጫፉ ላይ ስፖንጅ ታስሮበት ያንኑ ሥራ ይሠራል።

ቡም በማይደርስበት ሰፊ ሾት ልብስ ላይ የሚሰካው ትንሹ ማይክ ይገባል። አሰካኩ እጅ ይፈልጋል። የሕክምና ፕላስተር ከፋርማሲ ግዙ፤ ሁለት ቁራጭ ቆርጣችሁ እያንዳንዱን የሚጣበቀው ወገን ወደ ውጭ እንዲሆን እንደ ሳምቡሳ በሦስት ማዕዘን እጠፉት። ማይኩን በሁለቱ መሐል አስገቡት፣ አፉ ብቻ ውጭ ይቅር። አንደኛው ወገን ከላይኛው ልብስ፣ ሌላኛው ከውስጡ ይጣበቃል፤ ያኔ ሁለቱ ጨርቆች ማይኩ ላይ አይፋተጉም። ከሥሩ ሽቦውን አንዴ ጠቅልላችሁ በሌላ ፕላስተር ያዙት፤ ካልተያዘ ተዋናዩ በተራመደ ቁጥር ጉተታው ይሰማል። ልብሱንም ማይክ አጠገብ በእጅ እያሻችሁ ምረጡ፦ ጥጥ ነጠላ ዝም ይላል፣ ናይለን ጃኬት ይንሿሿል።

ቤት ውስጥ ፍሪጅ ይነቀል፤ የመኪናውን ቁልፍ ፍሪጁ ውስጥ አስቀምጡ፣ መልሶ ሳይሰኩት የሚሄድ ሰው አይኖርም። የሚያስተጋባ ሳሎን በጋቢና በብርድ ልብስ ይሸፈናል፤ ወለሉን አትርሱ፣ ከዚያም ብዙ ማስተጋባት ይነሳል። ቆርቆሮ ጣሪያ ፀሐይ ሲመታውና ደመና ሲሸፍነው ይንጣጣል፤ ኮርኒስ የሌለው ቤት ውስጥ ስሱ ምልልሶችን በጠዋት ጨርሱ። እሁድ ጠዋት የቤተ ክርስቲያን ድምፅ ማጉያ፣ ዓርብ ቀትር ላይ ደግሞ የመስጊዱ የሚሰማበት ሰፈር ከሆነ ሰዓቱን ቀድማችሁ አጣሩና ንግግር የሌለባቸውን ሾቶች ወደዚያ አዙሩ። ከእያንዳንዱ ቦታ ሳትወጡ ሁሉም ጸጥ ብሎ የክፍሉን ባዶ ድምፅ ለ1 ደቂቃ ቅረጹ፤ ኤዲተሩ የተቆረጡ ቦታዎችን የሚሞላው በዚያ ነው። ጩኸት ያበላሸውን ምልልስ ተዋናዮቹ እዚያው ቆመው ካሜራ ሳይኖር እንዲደግሙት አድርጉ። ስሜቱ ገና ስላልበረደ ከወራት በኋላ ስቱዲዮ ውስጥ ከሚሠራ ዳቢንግ እጅግ ይሻላል። በየቴኩ (ትዕይንቱ በተቀረጸ ቁጥር) መጀመሪያ ካሜራው ፊት አንዴ ይጨብጨብ፤ ድምፅና ምስል የሚገጥመው በዚያች ጭብጨባ ነው።

የዲስኩ ሒሳብ ይህን ይመስላል። በሰከንድ 100 ሜጋቢት የሚቀርጽ ካሜራ በሰዓት 45 ጊጋባይት ይወስዳል። ለ80 ደቂቃ ፊልም ስምንት እጥፍ ከቀረጻችሁ ወደ 10 ሰዓት ከ40 ደቂቃ ይሆናል፣ ማለትም 480 ጊጋባይት። ባለ 1 ቴራባይት ሁለት ዲስክ ግዙ፤ በአንድ ቤት አይደሩ። የካሜራው ካርድ የሚጠፋው ሁለቱም ዲስክ ላይ ተገልብጦ ፋይሎቹ ተከፍተው ከታዩ በኋላ ብቻ ነው፤ ይህንንም የሚያደርገው ሁልጊዜ ያው አንድ ሰው ይሁን። መብራት እንደሚጠፋ አስባችሁ ላፕቶፑን ሙሉ ቻርጅ አድርጋችሁ ውሰዱ።

ኤዲቲንግ ቀረጻው ሳያልቅ ይጀመር፤ የጎደለ ሾት የሚታወቀው ያኔ ነው፣ ተዋናዩም ጢሙ ገና አልተላጨም። ዳቪንቺ ሪዞልቭ በነጻው ቅጂው ለዚህ ሥራ ይበቃል። ፋይል ከማስገባታችሁ በፊት የፕሮጀክቱን ፍሬም 25 ላይ አድርጉ፤ ከገባ በኋላ አይቀየርም። ኮምፒውተሩ ደካማ ከሆነ ፕሮክሲ፣ ማለትም የተቀረጸውን ቀለል ያለ ቅጂ፣ ሠርታችሁ በእሱ ቁረጡ። ሙዚቃን በሚመለከት የቅጂና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ ቁጥር 410/1996 ግልጽ ነው፤ ባለመብቱ በጽሑፍ ያልፈቀደው ዘፈን ፊልም ውስጥ አይገባም። ዜማው የሕዝብ ቢሆን እንኳ የተቀረጸው ቅጂ ባለቤት አለው። ክራር ወይም ማሲንቆ የሚጫወት ጓደኛ በዚያው መቅረጫ ቢቀረጽ ከጭቅጭቁም ከወጪውም ይገላግላል።

ለሲኒማ ቤት የሚሰጠው ፋይል ዲሲፒ ይባላል፤ ዲሲፒ ኦማቲክ በሚባል ነጻ ሶፍትዌር ቤት ውስጥ ይሠራል። ሁሉም የሲኒማ ማሽን 24 ፍሬም ይቀበላል፣ 25ን ግን የማይቀበል አለ። ፍጥነቱ ወደ 24 ሲወርድ የ80 ደቂቃው ፊልም 83 ደቂቃ ከ20 ሰከንድ ይሆናል፤ ድምፁም አብሮ መዘግየት አለበት። ማሽኑ የሚያነበውን የዲስክ ዓይነትም ኦፕሬተሩን ቀድማችሁ ጠይቁ። ከምርቃቱ ቀን በፊት አንድ ጠዋት አዳራሹን ለምናችሁ ፊልሙን ከጥግ እስከ ጥግ እዩት፤ አንዱ ከፊት፣ አንዱ ከመሐል፣ አንዱ ከኋላ ወንበር። ቤት ውስጥ በቂ የመሰለ ሹክሹክታ ባዶ አዳራሽ ውስጥ እንኳ ይጠፋል፤ ሰው ሲሞላ ደግሞ ይብሳል። ለማስተካከል ቢያንስ ሁለት ሳምንት ይኑራችሁ። ድምፁ ልክ የሆነበትን ቁጥር በወረቀት ጽፋችሁ ኦፕሬተሩ ክፍል ውስጥ ለጥፉት፤ በምርቃቱ ማታ ተረኛው ሌላ ሰው ሊሆን ይችላል።