የማርትሬዛው ሽቦና የቦርከና ውሃ፦ ጨው የሚያነብ ትራንዚስተር እንዴት እንደሠራሁ

የመጀመሪያዋን ትራንዚስተሬን የቦርከና ውሃ ላይ ሳደርጋት ኩረንቱ፣ ማለትም በውስጧ የሚያልፈው ኤሌክትሪክ፣ ወረደ። የፈለግኩት እሱን ነበርና እንቅልፍ አልወሰደኝም። በሦስተኛው ቀን ከዚያው ጠርሙስ ቀድቼ ስለካ ግን ቁጥሩ ሌላ ሆነ። በሳምንቱ ደግሞ ሌላ። ውሃው አልተለወጠም፤ የተለወጠው የእኔ መሣሪያ ነበር። ምክንያቱን እስካገኝ ሁለት ወር ፈጀብኝ፤ ይህን የምጽፈውም በዚህ መንገድ የሚመጣ ሌላ ሰው ያን ሁለት ወር እንዳያባክን ነው።

ቦርከና ከደሴ ወርዶ ኮምቦልቻን አቋርጦ ወደ አዋሽ የሚሄድ ወንዝ ነው። ከብት ይጠጣዋል፣ ዳርቻው ላይ ሽንኩርትና ጎመን ይለማበታል። ጠቅላላ ጨውን ለማወቅ ብቻ ቢሆን ኮንዳክቲቪቲ ሜትር ይበቃኝ ነበር። እኔ የፈለግኩት ግን ዛሬ ጨውን፣ ነገ ላዩ ላይ በሚደረብለት ስስ ሽፋን ፖታሲየሙን ከሶዲየሙ ለይቶ የሚነግረኝን ነው። ለዚህ ኦርጋኒክ፣ ማለትም ከካርቦን ውህድ የሚሠራ፣ ትራንዚስተር ይመቻል።

መጀመሪያ ያሰብኩት ፔንታሲን በሚባል ውህድ ልሠራው ነበር። እሱ በቫኪዩም ተንኖ የሚለጠፍ ነው፤ በተለመደው አሠራሩም ብዙ ቮልት ይጠይቃል። ውሃ ውስጥ ደግሞ ይህ አይሆንም፤ ውሃ ከ1.23 ቮልት ጀምሮ ወደ ሃይድሮጅንና ኦክስጅን ሊበታተን ይችላል። ስለዚህ ወደ ፔዶት-ፒኤስኤስ ዞርኩ። ውሃ ውስጥ የተበተነ፣ እንደ ድሮ የብዕር ቀለም ጥቁር ሰማያዊ የሆነ ፖሊመር ነው። ጌቱ ላይ፣ ማለትም ውሃው ውስጥ ተነክሮ ትራንዚስተሩን በሚቆጣጠረው ሽቦ ላይ፣ ምንም ቮልት ሳይሰጠው እንኳ ኤሌክትሪክ ያሳልፋል። ጌቱን ፖዘቲቭ ስናደርገው ውሃው ውስጥ ያሉት ፖዘቲቭ አዮኖች ወደ ፊልሙ (ወደ ስሱ የፖሊመር ሽፋን) ይሰርጋሉ፣ «ቀዳዳ» የሚባሉት ኤሌክትሪክ ተሸካሚዎች ይመናመናሉ፣ ከሶርስ (ከመግቢያው ጫፍ) ወደ ድሬን (ወደ መውጫው ጫፍ) የሚሄደው ኩረንት ይወርዳል። ጨው በበዛ ቁጥር ያው የጌት ቮልቴጅ የበለጠ ያወርደዋል። እኔ ከ0.6 ቮልት አላለፍኩም።

አሠራሩ እንዲህ ነው። የማይክሮስኮፕ መስታወት በሳሙና፣ በዲስትልድ ውሃና በአልኮል አጠብኩ። ሶርስና ድሬኑን በካርቦን ቀለም ቀባሁ፣ መሐሉን በፕላስተር ከልዬ ጠባብ መስመር አስቀረሁ። ፔዶት-ፒኤስኤሱ ላይ ከመቶ አምስት እጅ ኤትሊን ግላይኮል ጨመርኩ፤ ኤሌክትሪክ የማሳለፍ አቅሙን በብዙ ያሳድገዋል። በአሮጌ የኮምፒውተር ፋን እያሽከረከርኩ መስታወቱ ላይ አለበስኩት። ማድረቂያዬ የእናቴ የኤሌክትሪክ ምጣድ ነበር፤ አሸዋ የሞላ ሰሃን አስቀምጬበት፣ ቴርሞሜትር ቀብሬበት።

የመጀመሪያዎቹ አራቱ ውሃ ሲነካቸው ፊልሙ እንደ ወተት ስልባቦት ተልጦ ተንሳፈፈ። ሰማያዊ ቁራጭ ውሃው ላይ ሲዞር ማየት ልብ ይሰብራል። እናቴ ቡናውን እየቆላች «አብሽር ልጄ፣ ነገም ምጣዱ ያንተ ነው» አለችኝ። መድኃኒቱ ጎፕስ የሚባል ማያያዣ ነው። ከመቶ አንድ እጅ ጨምሬ በ140 ዲግሪ አንድ ሰዓት ካቆየሁት ወዲህ አልተላጠም። ሙቀቱ ላይ አትቸኩሉ፤ ማያያዣው መስታወቱን የሚይዘው በዚያ ሰዓት ነው።

አሁን ወደ ሁለቱ ወር። ለጌት የብር ሽቦ ያስፈልገኝ ነበርና ደሴ አንድ አንጥረኛ አባት ዘንድ ሄድኩ። ስስ አድርገው ስበው ሰጡኝ። ሽቦውን በረኪና ውስጥ ግማሽ ሰዓት ዘፈዘፍኩት፤ ላዩ ላይ ብር ክሎራይድ እንዲይዝ። ንጹሕ ብር ሲሆን ጠቆር ያለ ወይን ጠጅማ ግራጫ ይለብሳል። የእኔው ጠርዙ ላይ አረንጓዴ ነበር፤ አየሁት፣ ግን አልጠየቅኩም። እኔ ፊልሙን እየቀያየርኩ፣ ብየዳውን እየፈታሁ፣ ፕሮግራሙን እየጻፍኩ ከረምኩ። በመጨረሻ ሽቦውን ይዤ ተመለስኩ። አባት በጥፍራቸው ፋቅ አድርገው አዩትና «የማርትሬዛ ብር ነዋ፤ መዳብ አለበት» አሉኝ። እውነትም ማርትሬዛ፣ ያ የድሮው የማሪያ ቴሬዛ ገንዘብ፣ ከሺህ 833 እጁ ብር ነው፤ ቀሪው በአብዛኛው መዳብ ነው። መዳቡ በየቀኑ ወደ ውሃው እየሟሟ የጌቱን ቮልቴጅ ያናጋው ነበር። የጨው ለውጥ አሥር እጥፍ ሲሆን እንኳ እንደ ጌቱ ባለ አንድ ኤሌክትሮድ ላይ በ25 ዲግሪ የሚጠበቀው 59 ሚሊቮልት ገደማ ነው፤ ከዚያ ላይ ሃያ ሠላሳ ሚሊቮልት ራሱ የሚንከራተት ጌት ምን ሊነግረኝ ይችላል?

ከሺህ 999 እጁ ብር የሆነ ሽቦ ከአዲስ አበባ አስመጣሁ፤ ቁጥሩ በአንድ ሌሊት ረጋ። ብር ክሎራይድ ብርሃን ስለማይወድ በጥቁር ወረቀት ጠቅልዬ አስቀምጠዋለሁ።

ከዚያ ወዲህ የወንዝ ውሃ ከመንካቴ በፊት ራሴ ያዘጋጀኋቸውን ሦስት የጨው ውሃዎች እለካለሁ፤ 1፣ 10 እና 100 ሚሊሞላር (በአንድ ሊትር ውስጥ ያለው የጨው መጠን መለኪያ)። ወንዙን ለክቼ ስጨርስ የ10 ሚሊሞላሩን እደግማለሁ። ሁለቱ 10ዎች ካልተስማሙ የዚያን ቀን ደብተር በእርሳስ እሰርዘዋለሁ። ጠዋት ደሴ ላይ የለካሁትንና ቀትር ኮምቦልቻ ላይ የለካሁትን ያለ ቴርሞሜትር አላወዳድርም፤ ኮምቦልቻ ከደሴ ዝቅ ያለ ነው፣ ውሃውም ይሞቃል።

በዚህ መንገድ ከከተማው በላይና በታች የቀዳሁት ውሃ ልዩነቱን ደጋግሞ አሳይቶኛል፤ ታች ያለው ጨዋማ ነው። የየትኛው ጨው እንደሆነ ግን ይቺ ትራንዚስተር አትለይም፤ ፖዘቲቭ አዮን ሁሉ ለእሷ አንድ ነው። አሁን ምጣዱ አጠገብ ፖታሲየምን መርጦ የሚይዘው ቫሊኖማይሲን ከፒቪሲ ጋር ተቀላቅሎ እየደረቀ ነው፤ ነገ ጠዋት መጀመሪያ የምነክረው ንጹሕ የሶዲየም ውሃ ውስጥ ነው፣ ዝም ካለ ብቻ ወደ ወንዙ እወርዳለሁ።